በወንድሜ ኮት ውስጥ የቀረው የኔ ጉድ

ማክሰኞ ዕለት ሚስማር ስመዝን ዋልኩ። ይህን የምነግራችሁ ሚስማሩ ለጨዋታችን ይጠቅማል ብዬ አይደለም። ወንድሜ ሊሞት አንድ ሌሊት ሲቀረው ሐረር ምን ትመስል ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ የማስታውሰው እሱን ስለሆነ ነው። ባለ ስምንት ሚስማር፣ ባለ አሥር ሚስማር፣ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም። ሰማዩ አልጠቆረም። ዓይኔም አልተርገበገበም። ሌላ ሰው ዘመዱ ሊሞት ሲል ቢያንስ መጥፎ ሕልም ያያል። እኔ በዚያ ሰሞን የማየው ቆንጆ ሕልም ነበር። ሕልምም አይባል፣ ዓይኔን ገልጬ ነው የማየው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ካሳፈራችሁ ዓይናችሁን ከወረቀቱ ላይ አንሡ። እኔም ስጽፈው እንደዚያ እያደረግኩ ነው።

ሚስቴ መቅደስ ትባላለች። ከተጋባን ዓመት ከስምንት ወር ሆነን። ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ግድግዳው በጣም ስስ ነው። አከራያችን በወዲያ በኩል ሲያስነጥሱ እኔ በወዲህ በኩል ይማርዎ እላለሁ፤ እሳቸውም ያኑርህ ይሉኛል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ምን ያህል እንደሚያወሩ እናንተው ገምቱ።

ቀን ቀን ደህና ነን። እንሳሳቃለን፣ እንጎራረሳለን። መብራት ከጠፋ በኋላ ግን ሁለታችንም ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ጸጥ እንላለን። ሁለታችንም ጨዋ ሆነን ነው ያደግነው፤ ችግሩም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሲያልቅ እሷ ወደ ግድግዳው ትዞራለች፣ እኔ ጣራውን አያለሁ። ደስ ብሏት ይሁን፣ ሰልችቷት ይሁን፣ እንቅልፏ መጥቶ ይሁን አላውቅም። ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም። ሰልችቶኛል ብትለኝስ? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ሌሊት ጣራ አይቻለሁ። የቆርቆሮውን ሸንተረር ቁጥር ልነግራችሁ እችላለሁ።

ደግሞም ስናገር ይይዘኛል። ሁልጊዜ አይደለም። ሚስማር ስሸጥ ብዙም አይይዘኝም። ስፈራ ነው የሚብሰው፤ ልብ የሚነካ ቃል ላይ ስደርስ ደግሞ ጨርሶ ይዘጋል። ሽምግልና በተላከልኝ ቀን ለመቅደስ እወድሻለሁ ልላት ጀምሬ፣ እ ላይ እንደቆምኩ አባቷ መጡ። ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩም።

ወንድሜ ጋሼ ተሾመ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባትና እናታችን ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሱቅ ነበረው። ባለቤቱ እትዬ ሂሩት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ልጅ አልወለዱም። የነሱ ልጅ እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል፤ የቤት ሥራዬን ያረመችልኝ እሷ ናት። አሁንም ፊቷ ስቆም ጥፍሬን የምታየኝ ይመስለኛል።

ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ሱቅ ሄጄ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የስፌት መኪናውን አቆመና ምን ሆነሃል አለኝ። ምንም አልኩት። ጋሼ ምንም የሚለውን ቃል ከኔ አፍ አያምንም፤ ሳይይዘኝ የምለው ቃል እሱ ብቻ መሆኑን ያውቃል። ጎትቶ ጎትቶ ከአፌ አስወጣው። እኔ የምፈልገውን እሷ አታውቅም፣ እሷ የምትፈልገውን እኔ አላውቅም፣ በአንድ አልጋ ላይ ሁለት እንግዶች ነን አልኩት። ይህችን ለማለት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

አልሳቀብኝም። በጥርሱ የያዘውን ክር አወጣና፣ እሱንና እትዬ ሂሩትን አሥራ አራት ዓመት ያቆያቸው ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀኝ። እግዜር ነው አልኩት።

«እግዜርማ አለ» አለ። «ግን በሦስተኛው ዓመታችን ሂሩት አንድ ነገር ነገረችኝ። በልቧ ደብቃ የያዘችውን። ምን እንደሆነ አልነግርህም፣ የሷ ነው። እኔም የኔን ነገርኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ተፋፍረን እራት ስንበላ አንተያይም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሱቅ ስዘጋ ወደ ቤቴ የምሄደው እየሮጥኩ ነው።»

ጋሼ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ቦርጫም ነው። ግን አመንኩት።

መናገር ካቃተህ ጻፍላት አለኝ። በስልክ እንዳትጽፍ አለ ደግሞ፤ የመቅደስን ስልክ እናቷም እህቷም እንደ መሶብ እንደሚከፍቱት ያውቃል። በወረቀት ጻፍና በእጇ ስጣት፣ ከዚያ ውጣና አንድ ዙር ዞረህ ተመለስ አለኝ።

ጻፍኩ። ሰባት ወረቀት ቀድጄ ስምንተኛው ላይ ተረፈልኝ። በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ እሑድ እኔና ሚስቴ እንደማንተዋወቅ ሆነን ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር እንገናኝ። እንደ አዲስ እንተዋወቅና እንደ አዲስ እንዋደድ። በቃ፣ ጉዱ ይኸው ነው። ሌላው ወንድ በልቡ ስንት ነገር ይመኛል፣ እኔ የምመኘው የገዛ ሚስቴን ነው። ዝርዝሩን ለጊዜው ተዉኝ። ስም አልጻፍኩበትም፣ የኔንም የሷንም። ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ጥንቃቄዬ ያመጣብኝን ታያላችሁ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። አንብብልኝ፣ ካላሳፈረ እሰጣታለሁ አልኩት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ሐሳቡ ጥሩ ነው አለ። ጽሕፈቱን ግን አልወደደውም። ይህን ያየች ሴት ምን እንደተመኘህ ሳይሆን ምን እንደታመምክ ነው የምታስበው አለኝ። ከትእዛዝ ደብተሩ ንጹሕ ወረቀት ገንጥሎ በዚያ እንደ ስፌቱ በተስተካከለ እጁ ሁሉንም ገለበጠልኝ። የኔን ወረቀት ለማንም አይታይ ብሎ የከሰል ካውያው ውስጥ ከተተው። ሲነድ አብረን አየነው።

ልቀበለው እጄን ስዘረጋ የአንዲት ሙሽራ ሁለት አክስቶች ጨርቅ ተሸክመው ገቡ። ጋሼ ወረቀቱን አጠፈና ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ሰደደው።

«ነገ ጠዋት ና፣ ከኔ ውሰድ» አለኝ።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ እትዬ ሂሩት ደወለች። ና፣ ጋሼህ አልነቃም አለች።  ልቡ ነው አሉ በኋላ። ማታ እራቱን በልቶ፣ ትንሽ ደረቴን ከበደኝ ብሎ ጋደም እንዳለ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ካልተናገርኩ ይህን ሁሉ መጻፍ አያስፈልገኝም። ጋሼን አልጋው ላይ ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት ስለሱ ነው። ሁለተኛ ያሰብኩት ግን ስለ ኮቱ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ጊዜም ረጅም አልነበረም።

ኮቱ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሏል። የተሰቀለበትን ሚስማር የመታሁት እኔ ነኝ፣ ባለ አሥር። ሦስት እርምጃ ብራመድ ይደረስበታል። አንዱን እርምጃ እንደተራመድኩ የጎረቤት ሴቶች እየጮኹ ገቡና ክፍሉን ሞሉት። አንዷ ክንዴን ይዛ አንተ ወንድ ነህ፣ ውጣና ድንኳኑን አስተክል አለችኝ።

ወጣሁ። የእድሩን ድንኳን ተከልን። ካስማ በመታሁ ቁጥር ወደ በሩ ስለማይ ሁለት ጊዜ ጣቴን መታሁ። የእድራችን ሊቀመንበር የጣቴን ሕመም ሐዘን መስሎት ትከሻዬን ይዞ በርታ፣ እንዲህ ነው ወንድ፣ ቻለው አለኝ። እንባ አልመጣልኝም። ደረቴ ውስጥ ፍርሃት ተንሰራፍቶ ተቀምጧል፣ ሐዘኑ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል።

ደግሜ ሞከርኩ። ለቀብር መታወቂያው ያስፈልጋል፣ ኮት ኪሱ ውስጥ ነው ብዬ ገባሁ። አክስቴ በላይነሽ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከድሬዳዋ ደርሳ አልጋው ራስጌ ተቀምጣለች። ከትራሱ አጠገብ አነሣችና ይኸው አለችኝ። ጋሼ ያን መታወቂያ ሦስት ወር ሙሉ ሲፈልገው ነበር። ዕድሌ ሆኖ የተገኘው ያን ቀን ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ከማመስገን ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል?

አሁን ስለ አክስቴ በላይነሽ ካልነገርኳችሁ የሚከተለው አይገባችሁም። አልቃሽ ናት። በዘመኑ ብዙ የከተማ ሰው የሟች ልብስ አያወጣም፤ ፎቶ ሰቅሎ ዝም ይላል። አክስቴ ግን ያለ ልብስ የተለቀሰ ሰው እንደ ተለቀሰ አትቆጥረውም። ሸሚዙ፣ ባርኔጣው፣ ጫማው ወጥቶ ለቀስተኛው መሐል መያዝ አለበት። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ይሳማል፣ ይለቀስበታል። ልብስ ሰፊ ሞቶ ልብሱ ካልወጣማ ለድሬዳዋ ሰው ምን ብዬ እነግራለሁ አለች። ተነሣችና ከበሩ ጀርባ ኮቱን አወረደችው። ጋሼ ለራሱ የሰፋው ግራጫ ኮት።

ኮቱ ግቢው መሐል ወጣ። እየዘለለች ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ደረታቸውን መቱ። እኔ ከወንዶቹ መሐል ሆኜ ኮቱን በዓይኔ እከተለዋለሁ። ከአክስቴ ወደ ጎረቤት ሄደ። ከጎረቤት ወደ ሌላ ጎረቤት። እያንዳንዷ ደረቷ ላይ ስታስጠጋው ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ የምሰማ ይመስለኛል። ከሃያ ሜትር፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል።

ከዚያ አዴ ፋጡማ ተቀበሉት። ከጋሼ ሱቅ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ እናት ናቸው፤ በመኪና ግርግር እንደሳቸው ስፌት የሚያውቅ የለም። እጅጌውን ዳሰሱ። ትከሻውን ዳሰሱ። ኢና ሊላሂ፣ እንዲህ የሚሰፋ እጅ አፈር ሊገባ ነው አሉ። ለአጠገባቸው ሴት ስፌቱን ሊያሳዩ ፈልገው ኮቱን ገበሩን ወደ ውጭ ገለበጡት።

የውስጥ ኪሱ ወደ ሰማይ ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ እግሬን አላዘዝኩትም። የወንዶቹን ወንበር ገፍቼ ክቡን ሰብሬ ገባሁና ኮቱን ከአዴ ፋጡማ እጅ ነጥቄ አቀፍኩት። ግቢው ሁሉ አንድ ጊዜ ጮኸ። ታናሹ ነው፣ ወይኔ ታናሹ ተባለ። አዴ ፋጡማ አላህ ሶብር ይስጥህ ልጄ እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። አክስቴ በላይነሽ ወዲያው ስለኔ አልቅሳ ግጥም አወጣች። እኔ በዚህ መሐል እጄን ኪስ ውስጥ እሰዳለሁ። ተሳሳትኩ፤ የውጭው ኪስ ነው። አንድ ነገር ጨብጬ ሳወጣ የልኬት ሜትሩ ሆኖ ተገኘ። ተተረተረና እስከ መሬት ወረደ።

ሜትሩን ሲያዩ የለቅሶው ነገር አይነሣ። ችለው የነበሩት ወንዶች እንኳ አለቀሱ። ሊቀመንበሩ መሐረብ አወጣ። እኔ ብቻ ዓይኔ ደርቆ፣ ሜትሩን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ በግራ እጄ የውስጡን ኪስ እፈልጋለሁ። ጣቴ የወረቀቱን ጠርዝ ነካ። ልክ ያን ጊዜ ሁለት ጎረምሶች ራሱን እንዳይስት ብለው ከኋላ አንሥተው ተሸክመው ከክቡ አወጡኝ። ኮቱ ከእጄ ወጣ። አክስቴ አቧራውን አራግፋ ለባለቤቱ ለእትዬ ሂሩት ሰጠቻት።

እትዬ ሂሩት ፊቷን ኮቱ ውስጥ ቀበረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቆመ። እጇ ወደ ውስጥ ገባና ወረቀቱን ይዞ ወጣ። የደንበኛ ልኬት መስሏት ይሆናል፣ ገለጥ አደረገችው። አየችው። ምን ያህል እንዳየችው ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ አንድ ዓመት መስሎኛል። አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንድ እንባ አልወጣትም።

ምን እንዳነበበች አስቡት። በባሏ ጽሕፈት፣ በባሏ ደብተር ወረቀት፣ በባሏ ኪስ ውስጥ። ስም የሌላት ሴት። ኤረር በር እንገናኝ፣ የምንተዋወቅ አንምሰል። እኔ ሚስቴን ለማግኘት የጻፍኩት ነገር በሟች ኪስ ውስጥ ሲገኝ ውሽማ ሆነ።

ሴቶቹ ድንጋጤ ነው አሉ። ውኃ ረጩባት። በዘጠኝ ሰዓት ቀበርነው። መቃብሩ ሲሞላ ሁሉም ያለቅሳል፤ ሁለት ሰው ብቻ አላለቀሰም። እሷ በቁጣ፣ እኔ በፍርሃት። አንድ ሽማግሌ ለጎረቤታቸው፣ ቤተሰቡ እንዴት ያለ ጽኑ ነው ሲሉ ሰማሁ።

ከቀብር ስንመለስ እትዬ ሂሩት በሩ ላይ ጠራችኝ።

«ወንድምህ ኤረር በር ምን ጉዳይ ነበረው?»

እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ጥሩ አጋጣሚ ደግሞ አይገኝም። አፌን ከፈትኩ። የኔ ነው ልል ነበር። የ ላይ ተያዝኩ። ዞር ስል መቅደስ ብርጭቆ ተሸክማ ስታልፍ አየኋት። ያን ጊዜ አፌ ሌላ ቀላል ቃል ፈልጎ አገኘ።

«ደንበኛ» አልኩ።

«ሴት ደንበኛ?»

«አ... አዎ።»

ሞኝነት የሚለካ ቢሆን ሜትሩ እጄ ላይ ነበር። እትዬ ሂሩት ራሷን ነቅንቃ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው የጋሼ ፎቶ ወርዶ አየሁት። ማን አወረደው ተባለ። እኔ ነኝ አለች፤ ምክንያት አልሰጠችም። አክስቴ በላይነሽ ከሁለት ሴቶች ጋር ጥግ ይዛ ማንሾካሾክ ጀመረች። በአንድ ቀን ስንት ሰው ቅን ነው፣ ጨዋ ነው ያለው ወንድሜ ሰልስቱ ሳይወጣ ስሙ ሊበላሽ ነው። አፈር ውስጥ ሆኖ አይመልስ። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፣ እኔን ደግሞ ይይዘኛል።

ብናገር መቅደስ ትሰማለች። ዓመት ከስምንት ወር የደበቅኳትን፣ በእጇ ልሰጣት ያልደፈርኩትን፣ ከለቅሶ ቤት ወሬ ጋር ትሰማዋለች። በኔ አልረካም፣ ለዚህ ነው ጣራ የሚያየው ትላለች። ተነሥታ እናቷ ቤት ብትሄድ አልፈርድባትም። ዝም ብል ደግሞ እትዬ ሂሩት አሥራ አራት ዓመቷን በሙሉ ከመጀመሪያው እንደገና ታስበዋለች፤ እያንዳንዱን ያመሸበትን ቀን። ሁለቱም አስፈራኝ። እውነቱን ለመናገር የበለጠ ያስፈራኝ የመጀመሪያው ነው። ይህን ስጽፍም አፍራለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ለማለዳ ለቀስተኛ ቦታ ሲያመቻቹ፣ እትዬ ሂሩት መኝታ ቤቷ ብቻዋን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ገባሁና ቆምኩ።

«እትዬ፣ ያ ወ... ወረቀት የኔ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስሙን ልታድንለት ነው» አለች። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው። ግን ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። ትናንት ደንበኛ ናት አልከኝ፣ ዛሬ የኔ ነው ትላለህ። ነገ ደግሞ የማን ልትለው ነው?»

እሱ ገለበጠልኝ አልኳት። ታዲያ የራስህ የታለ አለች። ካውያ ውስጥ ተቃጠለ አልኩ። ይህን ስል ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በቃሌ እ... እለዋለሁ።»

 ከዚያ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አኖረች።

«በል።»

«አንድ እሑድ እ... እንደማንተዋወቅ እንሁን። አንቺ ኤረር በር ሽንኩርት ከሚሸጡት አጠገብ ቆመሽ ጠብቂኝ። ቢ... ቢጫ ቀሚስ ልበሺ። እኔ እመጣና የድሬዳዋ መኪና ከየት ነው የሚነሣው ብዬ እጠይቅሻለሁ። አንቺ በር ተሳስተሃል ትዪኛለሽ።»

«ልክ ነው» አለች። በሩን ይሁን ወረቀቱን ልክ ነው ያለችው አላወቅኩም። ጣቷ ወደ ታች ወረደ።

«ስምሽን ት... ትዋሺኛለሽ። እኔም እዋሻለሁ። ሻይ እጋብዝሻለሁ። እየፈራሁ እጅሽን እይዛለሁ፣ አንቺም ትንሽ ትቆጫለሽ።»

በሩ ተከፈተ። መቅደስ የሻይ ፔርሙስ ይዛ ገባች። የመጨረሻዎቹን ቃላት ሰምታለች፤ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ከዚህ በኋላ የቀረው ዋናው ነው።  እትዬ ሂሩት ራሷን ሳታነሣ ለምን አቆምክ አለች። ማን ገብቶ እንዳቆመኝ አላየችም፤ ወይም አይታለች። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

መቅደስን ማየት ስላልቻልኩ ፔርሙሱን እያየሁ ቀጠልኩ።

«ክ... ክፍል እንከራያለን። መ... መ... መ...»

መ ላይ ቀረሁ። አውቶቡስ ሽቅብ ሲወጣ እንደሚያጣጥረው አጣጣርኩ። ሦስታችንም ጠበቅን። በመጨረሻ እትዬ ሂሩት፣ ተማሪ ሲያቅተው እንደምታደርገው፣ በለሰለሰ ድምፅ ራሷ አነበበችልኝ።

«መብራቱን አታጥፊ» አለች። «ላይሽ እፈልጋለሁ። አንቺም የምትፈልጊውን ንገሪኝ። ለባል ስታፍሪ ነው የኖርሽው፤ ለማታውቂው ሰው መንገር ይቀላል።»

«እዚያ ላይ አለቀ» አልኩ።

«አላለቀም። አንድ መስመር ቀርቶሃል።»

የለም፣ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው አልኳት። ወረቀቱን ወደኔ አዞረችው። ሁሉም በሰማያዊ የተጻፈ ነው፤ ከታች አንዲት መስመር በቀይ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን በስምሽ እጠራሻለሁ ይላል።

«ይህ የኔ አይደለም» አልኩ። ሳይይዘኝ።

እትዬ ሂሩት መነጽሯን አወለቀች። ማክሰኞ ማታ ደብተር ሳርም ቀይ እስክሪብቶሽን አንዴ ስጪኝ ብሎኝ ነበር አለች። ትናንት ይህን መስመር ሳይ፣ በኔው እስክሪብቶ ለሌላ ሴት ጻፈ ብዬ ነው የተቃጠልኩት አለች። ጣቷን ቀዩ ላይ አኖረች።

«ይህችን የነገርኩት እኔ ነኝ» አለች። «በሦስተኛው ዓመታችን።»

 ወረቀቱን አጠፈችና ለኔ ሳይሆን ለመቅደስ ዘረጋችላት። መቅደስ ፔርሙሱን አስቀምጣ ተቀበለች። አላነበበችውም። ጥቁር ለብሳ ነበር፣ ቀሚሷን ወደ ታች አየች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። አሁን እናቴ ቤት ልሂድ ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ቢጫ ቀሚስ እኮ የለኝም» አለች።

እትዬ ሂሩት ሳቀች። አፏን በነጠላ ይዛ ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። ከረቡዕ ጀምሮ የታፈነው ለቅሶ። እኔ ዝም ለማለት ሞከርኩ። ወንድ ነህ፣ ቻለው የተባልኩትን ሁሉ አስታወስኩ። ግን የሚያስፈራኝ ነገር አልቆ ነበር። የሚከለክለው አልነበረም፤ በር ላይ ሲጠብቅ የዋለው ሐዘን ገባ። ፍራሹ ጠርዝ ላይ ወድቄ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከኔ መውጣቱን ሳላውቅ ጮኽኩ። ጋሼ አልኩ። አንዴም አልያዘኝም።

ድንኳን ውስጥ የነበረው ሁሉ ሮጦ መጣ። አክስቴ በላይነሽ ከፊት፣ ሊቀመንበሩ ከኋላ፣ አዴ ፋጡማ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። በሩን ሞሉት። መቅደስ ወረቀቱን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ እጇ ጀርባዬ ላይ ነው። አክስቴ ደረቷን ይዛ፣ ደግሞ ምን መጣብን፣ ማን ምን ሆነ እያለች ጠየቀች።

እትዬ ሂሩት ዓይኗን ጠረገች። ፎቶውን ወደ ቦታው መልሱት አለች።

«ምንም አልመጣም» አለች። «ወንድሙ ሞቶበት ነው።»